መስከረም 1 ሁሉን አትጀምሩ

ይድረስ በደሴ፣ በኮምቦልቻ፣ በወልድያና በየገጠሩ ላላችሁ ልጆቼ፤ እንደምን ከረማችሁ?

ጳጉሜን ሲገባ «ዘንድሮስ እጸልያለሁ፣ እጾማለሁ፣ ቅዳሴ አላስታጉልም» የሚል ወጣት ይበዛል። ደመራው ሲለኮስ ግን ብዙው ትቶታል። እምነት ስላነሰው አይመስለኝም፤ በአንድ ቀን ብዙ ስለተሸከመ ነው።

ቤተ ክርስቲያን እንኳ አትቸኩልም። ዓመቱ መስከረም 1 ይለወጣል እንጂ በእርሷ ቀመር ክረምቱ የሚወጣው መስከረም 25 ነው። ከ1 እስከ 8 ዮሐንስ፣ ከ9 እስከ 15 ፍሬ፣ ከ16 እስከ 25 መስቀል ይባላል፤ ዘመነ ጽጌ፣ የአበባው ወቅት፣ የሚገባው በ26 ነው። እናንተም በዚሁ ልክ ሂዱ።

በጳጉሜን ንስሐ ግቡ። ለሥራ ወይም ለትምህርት ከቀያችሁ የወጣችሁ፣ የንስሐ አባታችሁ ገጠር ቀርተው ከሆነ፣ «ስሄድ አገኛቸዋለሁ» እያላችሁ ዓመት አትግፉ። ነግራችሁ፣ አስፈቅዳችሁ፣ በምትኖሩበት ደብር ካሉት ካህናት አንዱን ያዙ።

ከመስከረም 1 እስከ 8 አንድ ጸሎት ብቻ ይብቃችሁ። ከሰባቱ የጸሎት ጊዜያት ነግህን፣ የማለዳውን፣ ምረጡ፤ ስልክ ሳይነካ፦ አባታችን ሆይ፣ ጸሎተ ሃይማኖት፣ የዕለቱ ውዳሴ ማርያም። ከዚያ የዓመቱን ወንጌላዊ አንብቡ፤ እያንዳንዱ ዓመት ከአራቱ ወንጌላውያን በአንዱ ይጠራልና። ስሌቱ ቀላል ነው፦ በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ደምሩና ለ4 አካፍሉ፤ ቀሪው 1 ከሆነ ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ ቀሪ ከሌለው ዮሐንስ። 2019ን ብትወስዱ 7519 ይሆናል፤ ቀሪው 3፣ ዘመኑ የሉቃስ። ሉቃስ 24 ምዕራፍ ስለሆነ በቀን አንድ አንድ ብትሉ መስከረም 24 ያልቃል። ንባብ የሚቋረጠው አንድ ቀን ሲያመልጥ ነው፤ ሰዉ ያመለጠውን እንደ ዕዳ ቆጥሮ በማግስቱ ሁለት፣ ከዚያም ሦስት ይከመርበትና ይተወዋል። ያመለጠውን አትክፈሉ፤ ካቆማችሁበት ቀጥሉ፣ ሁለት ቀን ቢዘገይ ምን ይሆናል?

መስከረም 21 በአምባሰል የግሸን ማርያም በዓል ነው። ወሎ ተወልዶ አምባሰልን መውጣት የማይመኝ የለም። ስትወጡ ጋቢ ያዙ፤ ደጋ ነው፣ ሌሊቱ ይበርዳል። ከጉዞው በፊት ግን ንስሐችሁ ይቅደም። ዘንድሮ አቅም ከሌላችሁ አጥቢያችሁ ሂዱና አስቀድሱ፤ ተበድሮ መሳለም አልወድላችሁም።

ጽጌ ሲገባ ጾም ይነሣል። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 አርባ ቀን ነው፤ የፈቃድ ጾም እንጂ ከሰባቱ አጽዋማት አይደለም። ረቡዕና ዓርብን በቅጡ የማይጾም ወደ ጽጌ ባይዘል እመርጣለሁ። መጀመሪያ ሁለቱን ቀናት ያጽና። ጨጓራ ያለበት ወይም መድኃኒት የሚወስድ ሐኪሙንም ንስሐ አባቱንም ይጠይቅ፤ ደብቆ መጾም ጀግንነት አይደለም። ደግሞም አገራችን ወሎ ነው፤ ሙስሊም ጎረቤታችሁ ቡና ቢጠሯችሁ በጾሙ አመካኝታችሁ አትሽሹ። ሰዓቱ ካልደረሰ «ጾም ነኝ፣ ማታ እመጣለሁ» በሏቸው፤ ቆሎውን ራሳቸው ያስቀምጡላችኋል።

ብዙ ሰው የሚወድቀው ግን በጾሙ ውስጥ አይደለም። ጽጌ ኅዳር 5 ያበቃል፤ ጾመ ነቢያት የሚገባው ኅዳር 15 ነው። በመካከል ያሉት ዘጠኝ ቀናት ክፉ ናቸው፦ ጾሙ ሲፈታ ጸሎቱም አብሮ ይፈታል፣ «ጾሙ ሲገባ እመለሳለሁ» ይባላል። በነዚያ ቀናት አዲስ ነገር አትጨምሩ፤ የነግሁን ጸሎትና ረቡዕ ዓርብን ብቻ ያዙ። ኅዳር 12 ሚካኤል ነው፤ አስቀድሳችሁ ስትወጡ ንስሐ አባታችሁን አግኙና የጸናውንም የፈረሰውንም ንገሯቸው። የነቢያትን ጾም እንዴት እንደምትይዙት ከእርሳቸው ጋር ተመካከሩ።