መልስ፦ ወደ ኋላ ተመልሳችሁ ማንን ፎቶግራፍ ታነሱ ነበር?

ወንድሜ፣ «ወደ ጥንት ተጉዛችሁ አንድ ሰው ብቻ አንሱ ብትባሉ ማንን ትመርጣላችሁ?» ላልከው፣ እኔ ያለ ማመንታት ዓፄ ቴዎድሮስን እላለሁ። የእንግሊዝ ጦር ፎቶግራፍ አንሺዎች ይዞ መቅደላ ቢመጣም፣ ንጉሡ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ራሳቸውን ሰዉ፤ የልጃቸው የልዑል ዓለማየሁ ያዘነ ፊት በፎቶግራፍ ሲቀርልን የአባትየው ግን በሥዕል ብቻ ቀረ። ይህ ዘወትር ያንገበግበኛል።

የማነሳቸው ግን በመጨረሻዋ ቀን አይደለም። ሴባስቶፖል መድፍ ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲጎተት፣ ንጉሡ ከሠራዊታቸው ጋር ጎንበስ ብለው የመንገዱን ድንጋይ ሲያነሱ፣ ሹሩባቸው አቧራ ለብሶ ማየት እፈልጋለሁ። የዘመኑ ካሜራ ሰው ሳይነቃነቅ እንዲቆም ያስገድድ ነበር፤ እሳቸውን ደግሞ «ይቁሙልኝ» የሚል ደፋር አይገኝም። ስለዚህ የዛሬውን ፈጣን ካሜራ ይዤ እሄዳለሁ።