ሽፍታው ቢጠፋም የሽንት ምርመራው ይቀጥል

ሰሞኑን የደረሱኝ ደብዳቤዎች ስለ አንድ ሕመም ናቸው፤ በሕፃናት ላይ ስለሚከሰተው የጥቃቅን ደም ሥሮች ብግነት። ሐኪሞች ቀድሞ ሄኖክ ሾንላይን ፐርፑራ ይሉት ነበር፤ አሁን አይጂኤ ቫስኩላይተስ ይሉታል።

ጥያቄ፦ የ9 ዓመት ልጄ እግሯና መቀመጫዋ ላይ የወጣው ሽፍታ በሁለት ሳምንት ጠፋ። ሐኪሙ ግን «እስከ 6 ወር ሽንቷን አስመርምሪ» አለኝ። ልጄ እየዘለለች ነው፤ ምን ያደርጋል? (ከሳቢያን)

መልስ፦ እህቴ፣ ሐኪሙ የነገረዎት ልክ ነው። ያው ብግነት የኩላሊትን ማጣሪያ ሲነካ ልጅ አያመውም፤ ይበላል፣ ይጫወታል። ደሙና ፕሮቲኑ ዓይን በማያየው መጠን ከሽንት ጋር ይወርዳል። ይህ ሕመም ከያዛቸው ልጆች ከሲሶ እስከ ግማሽ የሚሆኑት ኩላሊታቸው ይነካል። አብዛኛውን ጊዜ የሚታወቀው በመጀመሪያዎቹ ከ4 እስከ 6 ሳምንታት ነው፤ እስከ 6 ወር የሚዘገይበትም አለ። ብዙዎቹ ይድናሉ፤ ኩላሊታቸው ጨርሶ የሚደክመው ጥቂቶች ናቸው። እነዚያን ጥቂቶች በጊዜ የምናገኛቸው ግን በዚህ ምርመራ ብቻ ነው። ጠዋት ከእንቅልፏ እንደተነሳች የመጀመሪያውን ሽንት በንጹሕ ዕቃ ይያዙላት። ቀጭኗ የመመርመሪያ ወረቀት ተነክራ ቀለሟ ሲለወጥ ውጤቱ በደቂቃዎች ውስጥ ይታያል። የደም ግፊቷም ይለካ። ሽፍታው ጠፋ ተብሎ ቀጠሮ ሲቋረጥ ከልቤ አዝናለሁ።

ጥያቄ፦ የትኛው ልጅ ኩላሊቱ እንደሚታመም አስቀድሞ ይታወቃል? (ከሐረር፣ ጀጎል)

መልስ፦ ቁርጡ አይታወቅም፤ የሚያሠጉ ምልክቶች ግን አሉ። ዕድሜው ከ8 ወይም ከ10 ዓመት ማለፉ፣ ብርቱ የሆድ ቁርጠት፣ ሰገራ ላይ ደም መታየቱ፣ ሽፍታው ከወር በላይ መቆየቱ ወይም እየጠፋ መመለሱ። ፕሬድኒሶሎን የሚባለው ብግነት አብራጅ መድኃኒት የሆድና የመገጣጠሚያ ሕመሙን ያስታግሳል እንጂ ቀድሞ ስለተሰጠ ኩላሊቱን ከጉዳት አያድንም። ምልክቶቹ የሌሉበት ልጅም ቢሆን ከምርመራው አይቀርም።

ጥያቄ፦ ከደንጊ በምን እንለየው? (ከከዚራ)

መልስ፦ በትንኝ የሚተላለፈው ደንጊ በፈረንጆቹ 2013 ድሬዳዋ ላይ ከተከሰተ ወዲህ ሽፍታ ያየ ሁሉ እሱን ቢጠረጥር አይፈረድበትም። ደንጊ በብርቱ ትኩሳት ይጀምራል፤ ደም እንዲረጋ የሚያደርገውን ፕላትሌትንም ያወርዳል። በዚህኛው ሕመም ፕላትሌት አይወርድም፤ ሽፍታው በእጅ ሲዳሰስ ጎርበጥ ይላል፣ የሚበዛውም ከወገብ በታች ነው። የደም ምርመራው እስኪለየው ድረስ አይቡፕሮፌን ወይም ዲክሎፌናክ የሚባሉትን የሕመም ማስታገሻዎች ገዝተው አይስጡ።

ጥያቄ፦ የልጄ ሽንት ጠቆረ፤ ሙቀቱ ይሆን? (ከገንደቆሬ)

መልስ፦ በድሬ ሙቀት ውኃ ያልጠጣ ልጅ ሽንቱ ጠቆር ያለ ቢጫ ይሆናል፤ ሲጠጣ ይጠራል። የሻይ ወይም የኮካ ኮላ ቀለም ከያዘ፣ አረፋው አልጠፋ ካለ ወይም ጠዋት ዓይኑ ሥር ካበጠ በዕለቱ ወደ ሆስፒታል ይውሰዱት።

ጥያቄ፦ ይተላለፋል?

መልስ፦ አይተላለፍም። ከወንድሙ ጋር ይተኛ፣ ትምህርት ቤትም ይሂድ፤ ቁርጭምጭሚቱ ካበጠ ግን እስኪሻለው ኳሱ ይቆይለት።