ዶሮዎቼን ያስመረረው ተርኪ

ውድ የአምዱ አዘጋጅ፣

በጓሮዬ ስድስት ሴት ዶሮዎች፣ አንድ አውራ ዶሮና አንድ ወንድ ተርኪ አሉኝ። ተርኪው ወደ ቤቴ የመጣው በእንቁላልነቱ ሲሆን፣ ታቅፋ የነበረችው ቀይ ዶሮዬ ለራሷ እንቁላሎች የሚበቃው 21 ቀን ቢያልፍም ሳትነሣ እስከ 28ኛው ቀን ቆይታ ፈለፈለችው። ውለታዋን የመለሰላት ግን ጀርባዋን በጥፍሩ ገሽልጦ ነው። ጅራቱን ዘርግቶ፣ ክንፎቹን መሬት ላይ እየጎተተ ሁሉንም ከመኖው ያባርራል፤ ይወጣባቸዋል፤ ክብደቱ ከብዷቸው ሲወድቁም አይወርድላቸውም። አውራ ዶሮው እንኳ ሲያየው ጥጉን ይይዛል። እንቁላል ቀንሷል፤ የእኔም ትዕግሥት አልቋል። ከሦስት ቀን ወዲህ መኖውን ትቶ፣ ዐይኑን ጨፍኖ አጥር ሥር ስለሚቆም ጥቂት ፋታ አግኝተናል፤ ኩሱ ቢጫ ከመሆኑ በቀር ምናልባት ልብ ገዝቶ ይሆናል። ቤተሰቤ «ይታረድ» ይላል። እኔ ግን በእጄ ያበላሁት፣ ስጠራው የሚመጣልኝ ነውና አልጨከንኩም። ከመጀመሪያውስ አንድን ተርኪ ከዶሮ መካከል ብቻውን ማሳደጌ በደል ነበር ወይ?

መልስ

ልብ አልገዛም፤ ታሟል። ያን ሁሉ ክስ ዘርዝረው ቢጫውን ኩስ እንደ ዋዛ ማለፍዎ አስቆጥቶኛል። ዛሬውኑ ደረቅና ነፋስ የማይመታው ቦታ ለይተው ያስቀምጡትና የእንስሳት ሐኪም ይጥሩ።

ቢጫ ኩስ የሚያመጣ በሽታ ብዙ ስለሆነ የሚለየው ሐኪሙ ነው፤ እኔን ያስፈራኝ ግን «ጥቁር ራስ» የሚባለው ነው። ስሙ እንዲህ ይሁን እንጂ የሚያቆስለው ዕውር አንጀትን (ጫፉ የተደፈነውን የአንጀት ክፍል) እና ጉበትን ነው። ሂስቶሞናስ የተባለው ጥገኛ ተሕዋስ በዶሮ ዕውር አንጀት ውስጥ በሚኖር ትል እንቁላል ተሸሽጎ ከኩስ ጋር ይወጣና አፈር ውስጥ ለዓመታት ይቆያል፤ የመሬት ትልም ይሸከመዋል፣ ተርኪውም ያንን ትል ለቅሞ ይውጣል። ዶሮዎች ብዙ ጊዜ ምንም ሳይመስሉ ተሸክመውት ሲኖሩ፣ ተርኪን ግን አብዛኛውን ጊዜ ይገድለዋል። እንግዲህ ተከሳሹ ከተበዳዮቹ በሽታ ሳይቀበል አልቀረም።

ለጥያቄዎ መልሴ አዎን፣ በደል ነበር የሚል ነው። «ለዓመታት አብረን አርብተናል፣ ምንም አልሆኑም» የሚሉኝ አሉ፤ ዕድላቸውን እንደ ዕውቀት መቁጠራቸውን ግን አልቀበልም። ዶሮዎቹ ላይ የሚወጣውም ከክፋት አይደለም፤ ዐይኑን ከገለጠ ጀምሮ ከዶሮ ሌላ ዘመድ አላየምና ነው። ከተረፈ ዶሮ ባልረገጠው መሬት፣ ሴት ተርኪዎች ካሉት ሰው ጋር ይኑር፤ እርስዎም ሄደው ይጠይቁት። በታመመበት ሰዓት ግን ቢላዋ አያንሡብኝ።

ለዶሮዎቹ የትል መድኃኒት ሐኪሙን ይጠይቁ። ቀይዋንም ቁስሏ እስኪደርቅ ለይተው ያቆዩአት፤ ደም ያዩ እንደሆነ የገዛ ጓደኞቿ ይለቅሟታል።