ጥያቄና መልስ፦ የኮሌጁ ሒሳብ ከአሥረኛ ክፍል ይጀምራል

ጥያቄ፦ የምኖረው በሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። እኔ ታክሲ እነዳለሁ፣ ባለቤቴ በአረጋውያን መንከባከቢያ ትሠራለች። የመጀመሪያ ልጃችን አሥረኛ ክፍል ናት፤ በጁን 2028 ትመረቃለች። የኮሌጅን ነገር ባነሣን ቁጥር አንዱ «ባንክ ገንዘብ ከተገኘባችሁ ዕርዳታ የለም» ይለናል፣ ሌላው «ገና ነው፣ አሥራ ሁለተኛ ስትገባ ይደረስበታል» ይለናል። በቅርቡ የእቁብ ዕጣ ይደርሰናል፤ አዲስ አበባም እናቴ የምትኖርበት፣ በስሜ የተመዘገበ ቤት አለኝ። ከየት እንጀምር?

መልስ፦ «ገና ነው» ያሉዎት ሰው በቅንነት ይሆናል፤ ነገር ግን ጊዜው ለእናንተ ደርሷል። ፋፍሳ የተባለው የፌዴራል ዕርዳታ ማመልከቻ ብዙውን ጊዜ የሚከፈተው ልጅቱ አሥራ ሁለተኛ ክፍል በገባች በኦክቶበር 1 ቢሆንም፣ የሚመለከተው የገቢ ታክስ የዚያን ዓመት ሳይሆን ወደ ኋላ የተመለሰ ነው። በ2028 መኸር ኮሌጅ ለሚገባ ተማሪ የሚታየው የወላጆቹ የ2026 ታክስ ነው። ይህም ማለት ልጅዎ አሥረኛ ክፍልን ካጋመሰችበት ከጃንዋሪ ጀምሮ፣ አሥራ አንደኛን እስክታጋምስ ድረስ የምታገኙት ገቢ ለመጀመሪያው የኮሌጅ ዓመት መለኪያ ይሆናል ማለት ነው።

በዚያ ዓመት ሁለት ነገሮችን አጥብቀው ይጠብቁ። አንደኛው፣ ባለቤትዎ በመሥሪያ ቤቷ በኩል ያጠራቀመችው የጡረታ ገንዘብ ካለ፣ ለአገር ቤት ግንባታም ሆነ ለሌላ ጉዳይ አታውጣው፤ በጡረታ ሒሳቡ ውስጥ እስካለ ድረስ ፋፍሳ አይቆጥረውም፣ ከወጣ ግን በገቢነት ይመዘገብባችኋል። ሁለተኛው የታክሲው ጉዳይ ነው። ለፋፍሳ የሚታየው በዓመቱ ያስገቡት ጠቅላላ ገንዘብ ሳይሆን ወጪው ተቀንሶ የቀረው ትርፍ ነውና፣ የነዱትን ማይልና ሕጋዊ ወጪዎን በደብተር ይያዙ። ቤት ለመግዛት ብድር ይገኝልኛል በሚል ወጪያቸውን ሳያስመዘግቡ ትርፋቸውን ከፍ አድርገው የሚያሳውቁ ሾፌሮች አሉ፤ ያው ወረቀት ከሁለት ዓመት በኋላ በልጃቸው ፋፍሳ ላይ ይመጣባቸዋል።

ቁጠባን በተመለከተ የሰሙት ወሬ ከእውነቱ እጅግ የተጋነነ ነው። በወላጅ ስም ባንክ ከተቀመጠ ገንዘብ ውስጥ የፋፍሳ ቀመር ለኮሌጅ እንዲውል የሚጠብቀው በዓመት ቢበዛ ከመቶ 5.64 ነው፤ ለምሳሌ ከ10,000 ዶላር ላይ 564 ዶላር መሆኑ ነው። ያው ገንዘብ በልጅቱ ስም ቢቀመጥ ግን ከመቶ 20 ይታሰባል፣ ማለትም 2,000 ዶላር። ስለዚህ ዘመድ ለልደትና ለምረቃ የሚሰጣትን ገንዘብ በእርሷ ስም ከመከመር፣ በወላጅ ባለቤትነት በሚከፈተው 529 በተባለው የትምህርት ቁጠባ ውስጥ ማስገባቱ ይሻላል። እቁቡ ደግሞ የሚታየው ማመልከቻው በሚፈረምበት ዕለት ባንክ ውስጥ ወይም በእጃችሁ ካለ ነው፤ የወደፊት የእቁብ ክፍያ ቢኖርብዎትም ቅጹ አይቀንስልዎትም። በዕጣው ዕዳ ለመክፈል ወይም መኪናውን ለማሠራት አስበው ከነበረ፣ ከፊርማው በፊት ይፈጽሙት። በእጅ ያለን ገንዘብ የለም ብሎ መፈረም ግን ሌላ ነገር ነው፤ የፌዴራል ሰነድ ላይ መዋሸት በሕግ ያስጠይቃል።

የአዲስ አበባው ቤት ይቆጠራል። ፋፍሳ የማይቆጥረው ቤተሰቡ ራሱ የሚኖርበትን ቤት ብቻ ነው፤ በስምዎ ያለና ሌላ ሰው የሚኖርበት ቤት፣ በየትኛውም አገር ቢሆን፣ ዕዳው ተቀንሶ ግምቱ ይጻፋል። ካርታው በእናትዎ ስም ቢሆን ኖሮ የእርስዎ ሀብት አይባልም ነበር። ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው አንዳንድ ቤተሰቦች ሀብታቸውን ጭራሽ አይጠየቁም፤ ሆኖም ከታክሲ የሚገኘው ትርፍ ከ10,000 ዶላር ካለፈ ይህን ምሕረት ላታገኙ ትችላላችሁ። ለእናትዎ በየወሩ የሚልኩትም ገንዘብ፣ የቱንም ያህል ቢከብድዎት፣ ከገቢዎ ላይ አይቀነስም፤ ደረሰኙን ይዘው ለኮሌጁ የዕርዳታ ቢሮ ማስረዳት ይችላሉ፣ ሊቀበሉዎትም ላይቀበሉዎትም ይችላሉ።

አሁን ወደ ዋጋው እንምጣ። ኮሌጅ በይፋ የሚናገረው ዋጋ ሁሉም ሰው የሚከፍለው አይደለም። ከ2011 ጀምሮ የፌዴራል ዕርዳታ የሚቀበል ኮሌጅ ሁሉ የቤተሰቡን ገቢ አስገብተው ሊከፍሉ የሚችሉትን የሚገምቱበት ማስሊያ በድረ ገጹ ላይ እንዲያኖር በሕግ ተገድዷል። አንድ ቅዳሜ ምሽት የታክስ ወረቀታችሁን ማዕድ ቤት ጠረጴዛ ላይ ዘርግታችሁ፣ ልጅቱንም አስቀምጣችሁ፣ በሦስት አራት ኮሌጆች ሞክሩት። እኛ አበሾች የቤታችንን ገንዘብ ለልጅ መናገር ይከብደናል፤ ነገር ግን «በዓመት ከዚህ በላይ አንችልም» የሚለውን ቁጥር አሥረኛ ክፍል ላይ የሰማች ልጅ፣ የተቀበላት ኮሌጅ ደብዳቤ በእጇ ከገባ በኋላ ከምትሰማው ልጅ ይልቅ ትረጋጋለች።

ኮሌጁ የሚልከው የዕርዳታ ደብዳቤም ራሱ ማስተዋል ይፈልጋል። ለምሳሌ ያህል የዓመቱ ጠቅላላ ወጪ 34,000 ዶላር ቢሆን፣ ከሥሩ ግራንት 16,000፣ የተማሪ ብድር 5,500፣ በግቢ ሥራ የሚገኝ 2,500፣ የወላጅ ብድር 10,000 ተብሎ ይደረደርና በመጨረሻ «ቀሪ፦ 0» የሚል ሊታይዎት ይችላል። በዚህ ዝርዝር ውስጥ ዕርዳታ የሚባለው 16,000ው ብቻ ነው፤ የቀረው 18,000 ልጅቱ ሠርታ የምታመጣው ወይም እርሷና እናንተ የምትበደሩት ነው። 5,500 በወላጅ ሥር ያለ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ከፌዴራል መንግሥት መበደር የሚችለው ጣሪያ ነው። ከፌዴራል መንግሥት የሚሰጠው፣ የማይመለሰው ፔል ግራንት ደግሞ በ2025–26 የትምህርት ዓመት እስከ 7,395 ዶላር ነበር።

ዋጋውን ከአሁኑ ከሚያቀልሉት መንገዶች አንዱ በቅርባችሁ ነው። ሞንትጎመሪ ኮሌጅ በታኮማ ፓርክና ሲልቨር ስፕሪንግ፣ በሮክቪልና በጀርመንታውን ያስተምራል፤ በሜሪላንድ የትምህርት ማሻሻያ ሕግ መሠረት መስፈርቱን ያሟሉ የመንግሥት ትምህርት ቤት ተማሪዎች ገና ሁለተኛ ደረጃ ሳሉ የትምህርት ክፍያ ሳይከፍሉ የኮሌጅ ክሬዲት መያዝ ይችላሉ። ከመመዝገቧ በፊት ግን ክሬዲቱ በምትመኘው ዩኒቨርሲቲ መቆጠሩን ከካውንስለሯ (ከትምህርት ቤት አማካሪዋ) ጋር ታረጋግጥ።

አንድ ትንሽ የምትመስል፣ ብዙ የአበሻ ቤተሰብን የምታደናቅፍ ነገር ልጨምር። በእኛ ሥርዓት የልጅቱ የመጨረሻ ስም የእርስዎ ስም ነው፤ የእርስዎ የመጨረሻ ስም የአባትዎ ነው፤ ባለቤትዎም የራሷን ይዛለች። ለፋፍሳ አካውንት ስትከፍቱ እያንዳንዳችሁ የምታስገቡት ስም ከሶሻል ሴኩሪቲ ካርዱ ጋር ፊደል በፊደል፣ የልደት ቀኑም በሶሻል ሴኩሪቲ መዝገብ ካለው ጋር መግጠም አለበት፤ የቤት ስም፣ የአያት ስም ወይም፣ ትክክለኛው እንኳ ቢሆን፣ ከመዝገቡ የተለየ የልደት ቀን ቢገባበት አይቀበልም። ታክስ በጋራ የምታስገቡ ከሆነ ከሁለታችሁ አንዳችሁ ብትሞሉ ይበቃል።

ጥያቄ፦ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነኝ፤ የምንኖረውም ሜሪላንድ ነው። የቤተሰቤ የጥገኝነት ጉዳይ ገና አልተወሰነም፤ የሥራ ፈቃድና የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ግን አለኝ። ፋፍሳ ልሙላ?

መልስ፦ ቁጥሩ መኖሩ ብቻውን ለፌዴራል ዕርዳታ አያበቃሽም፤ ጥገኝነቱ የተፈቀደለት ሰው ይገባዋል፣ ጉዳዩ በእንጥልጥል ያለ ግን አይገባውም። አንቺን የሚመለከትሽ ሜሪላንድ ፋፍሳ ለማይፈቀድላቸው ተማሪዎች ያዘጋጀችው የራሷ ማመልከቻ ነው፤ ለአብዛኛው የስቴቱ ዕርዳታ የመጨረሻው ቀን ማርች 1 ነውና ካውንስለርሽን በዚህ ሳምንት አነጋግሪያት። በትምህርት ዓመቱ መካከል ጥገኝነቱ ከተፈቀደላችሁ የውሳኔውን ደብዳቤ ይዘሽ ወደ ኮሌጅሽ የዕርዳታ ቢሮ ሂጂ፤ የዚያን ዓመት ፋፍሳ እስከ ጁን 30 መሙላት ይቻላል።