ወንጪን ከልጆች ጋር፦ ቁልቁለቱን ሳይሆን ዳገቱን አስቡት

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ፣ የምጽፍላችሁ ከጅማ ነው፣ ሄርማታ አካባቢ። ሁለት ልጆች አሉኝ፣ ትልቁ 6 ዓመቱ ነው ትንሿ ገና 3 ሞላት። ባለቤቴ የወንጪ ሐይቅን ፎቶ ካየ ጀምሮ ልጆቹን ይዘን በእግራችን እንውረድ እያለ አላስቀምጥ ብሎኛል፣ እማዬ ደግሞ "በብርድ ልትጨርሷቸው ነው ወይ" ትላለች። እኔ መሀል ላይ ቀረሁ። ይቻላል ወይስ ትንሽ ይደጉ?
የሁለት ልጆች እናት

መልስ፦ እህቴ ይቻላል፣ ግን ባልሽ ፎቶው ላይ ያላየው ነገር አለ። ወንጪ እሳተ ገሞራ በፈጠረው ጎድጓዳ ውስጥ የተኛ ሐይቅ ነው፣ ስለዚህ ጉዞው የተገለበጠ ነው፣ ሌላ ተራራ ላይ መጀመሪያ ትደክሚና ስትመለሺ ቁልቁል ይቀልሻል፣ እዚህ ግን ጠዋት ሁሉም ጉልበት እያለው ቁልቁል ነው፣ ዳገቱ የሚመጣው ከሰዓት ልጆቹ ከደከሙ በኋላ። እኔ የእህቴን ልጅ ይዤ የሄድኩ ጊዜ፣ 4 ዓመቱ ነበር፣ ሲወርድ እጄን እያስለቀቀ ሲሮጥ ዋለ፣ ስንመለስ ግን መሀል መንገድ ላይ ዘጭ ብሎ "እግሬ አለቀ" አለኝ። አለቀ! አዝዬው ስወጣ ትንፋሼ ተቆራርጦ ልሞት ነበር፣ እሱ ጀርባዬ ላይ ሆኖ ወፍ ይቆጥራል።

ስለዚህ ሂሳቡን ከመመለሻው ጀምሪ። የአካባቢው ሰዎች ፈረስ ያከራያሉ፣ ከመውረዳችሁ በፊት የመመለሻውንም ዋጋ ጨርሱ፣ ታች ከደረሳችሁና ልጅ ማልቀስ ከጀመረ በኋላ መከራከር የለም። ትልቁ ፈረስ ላይ ሲቀመጥ ባለፈረሱ ይምራ፣ አንዳችሁ ደግሞ አጠገቡ ሁኑ። ለትንሿ ግን አንቀልባ ያዢ፣ ዘመናዊውን የልጅ መሸከሚያ ፍለጋ አትድከሚ፣ የእናትሽ አንቀልባ ይበቃል።

ከፍታውንም አትናቁት። ጅማ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ የወንጪ አፋፍ ግን ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ያልለመደ ሰው ራሱን ሊያመው፣ ሊያስመልሰው ይችላል፣ የ3 ዓመት ልጅ ደግሞ ራሴን አመመኝ አትልሽም፣ ትነጫነጫለች፣ ምግብ እምቢ ትላለች፣ ያለወትሮዋ ትፈዛለች። እንዲህ ካየሽ ትረፍ ብለሽ አትጠብቂ፣ ወደ ዝቅተኛ ቦታ ይዘሻት ሂጂ። ሐይቁ ጋ መውረድ ግን አይቆጠርም ምክንያቱም ሐይቁ ራሱ ከ2,800 ሜትር በላይ ነው፣ ወደ ወሊሶ ነው የምትመለሱት። በአንድ ቀን ደርሶ መልስም አታስቡ፣ ከጅማ ወሊሶ ብቻ ከ230 ኪሎሜትር በላይ ነው፣ ወሊሶ እደሩና በጠዋት ወደ ወንጪ የሚወስደውን የአምቦን መንገድ ያዙ።

እማዬ ስለ ብርዱ ትክክል ናቸው፣ በየ1,000 ሜትሩ ወደ 6 ዲግሪ ስለሚቀንስ የጅማ ሹራብ አያዋጣም። ልጅ በላብ የረጠበ ካናቴራ ለብሶ ሲያርፍ ነው የሚበርደው፣ ስለዚህ ቅያሪ፣ ኮፍያና ጋቢ ያዢ። ክረምትን ተዉት፣ ጭቃው አያስወርድም። ስንቅ ላይ ጭኮ ያዢ፣ ትንሽ ጉርሻ ብዙ ያስኬዳል፣ ሙዝ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ውሃ ከቤት። ብስኩቱን አትጨርሱት፣ እሱ የዳገት ጉቦ ነው።

ሐይቁ ዳር ስትደርሱ አንድ ትልቅ ሰው ስልኩን ኪሱ ከትቶ ልጆቹን ብቻ ይጠብቅ፣ "ሁላችንም እያየን ነው" ማለት ማንም አያይም ማለት ነው። ልጅ ውሃ ሲወስደው አይጮህም። በጀልባ ወደ ቂርቆስ ደሴት መሻገር ደስ ይላል፣ ግን በልጅ ልክ የሆነ የመንሳፈፊያ ጃኬት ከሌለ ለሌላ ጊዜ ይቆይ።

ከዚያ በፊት ግን አንድ ቅዳሜ ሁለቱንም ወደ ጅሬን ይዛችኋቸው ውጡ፣ የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ያለበት ኮረብታ ማለቴ ነው፣ ከከተማ ቅርብ ነው ዳገትም አለው። ባልሽ ትንሿን አዝሎ ይውጣ፣ አንቺ ስንቁን ያዢ። ላይ ሲደርስ አሁንም ወንጪ ወንጪ ካለ ወሊሶ አልጋ ያዙ።