መልስ፦ «በ» የተሸከመችውን እንግሊዝኛ ያከፋፍለዋል
ወንድሜ፣ «በኮምቦልቻ እኖራለሁ» በእንግሊዝኛ ለማለት ኢን (in) ነው ወይስ አት (at) ብለህ ጠይቀሃል። ኢን ነው። ያስቸገረችህ የእኛ «በ» ናት፤ በደሴ፣ በአውቶቡስ፣ በቢላዋ፣ በ3 ሰዓት፣ ሁሉንም ብቻዋን ትሸከማለች። እንግሊዝኛ ግን ለእያንዳንዱ ሌላ መስተዋድድ አለው።

ቦታውን ውስጡ እንደምትገኝበት ስፍራ ካየኸው ኢን፣ እንደ አንድ ነጥብ ካየኸው አት ነው። ኮምቦልቻ ስትደርስ «አራይቭድ ኢን»፣ አውሮፕላን ማረፊያው ስትደርስ «አራይቭድ አት» ትላለህ። ከደሴ በሐረጎ ቁልቁለት ስትወርድ በአውቶቡስ ከሆነ ኦን (on)፣ በታክሲ ከሆነ ኢን። ኦን ሲባል ጣሪያው ላይ የወጣህ አይምሰልህ! ውስጡ ቆመህ የምትራመድበት መጓጓዣ አብዛኛውን ጊዜ ኦን ይወስዳል።

እኔን ለዓመታት ያሳፈረኝ ግን ሌላ ነው። «ስለ ጉዳዩ ተወያየን» የሚለውን አማርኛ ይዤ «ዲስከስ» ላይ «አባውት» እጨምር ነበር፤ ግሱ ምንም መስተዋድድ አይፈልግም። «ከእሷ ጋር ተጋባ» የሚለውም «ሜሪድ ዊዝ» ሳይሆን «ሜሪድ ቱ» ነው። ለእነዚህ ምክንያት ፍለጋ አትድከም፤ ግሱን ከነመስተዋድዱ፣ በሙሉ ዓረፍተ ነገር ደብተርህ ላይ ጻፈው።