የልጁ ጠበቃ መጀመሪያ የሚጠይቀው ዕድሜውን ነው

ጥያቄ፦ የ14 ዓመት ልጄ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር የሰፈራችንን ሱቅ ሰብረው ስልኮች ወስደዋል ተብሎ ተይዞ ነበር። አሁን አጎቱ ተረክቦት ቤት ነው፤ ቀጠሮው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። በፖሊስ መዝገብ ላይ ግን ዕድሜው 16 ተብሎ ሰፍሯል። ዘመዶቼ «ልጅ ነው፣ መክረው ይለቁታል፤ ለጠበቃ ገንዘብ አታባክኚ» ይሉኛል። በልጆች የወንጀል ጉዳይ ጠበቃ የሚሠራው ሥራ አለ? ለዚህ የሚሆነውንስ ሰው በምን ልለየው?
(አንዲት እናት፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ዘመዶችዎ በቅንነት መክረውዎት ይሆናል፤ ሆኖም መዝገቡ ላይ የሰፈረችው «16» ብቻዋን ጠበቃ ለማማከር በቂ ምክንያት ናት። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ዘጠኝ ዓመት ያልሞላውን ሕፃን ጨርሶ በወንጀል አይጠይቅም፤ ከ9 እስከ 15 ዓመት ያለው ወጣት ጥፋተኛ ደግሞ ለአዋቂዎች በተደነገገው መደበኛ ቅጣት እንዳይቀጣና ከአዋቂ እስረኞች ጋር እንዳይቀላቀል ይከለክላል። ከ15 ያለፈው ግን፣ ዕድሜው ቅጣት ሊያቀልለት ቢችልም፣ የሚዳኘው በመደበኛው ድንጋጌ ነው። የሚቆጠረውም ልጁ ችሎት በቀረበበት ቀን ያለው ዕድሜ ሳይሆን ድርጊቱ ተፈጸመ በተባለበት ቀን የነበረው ነው።

እንግዲህ የጠበቃው የመጀመሪያ ሥራ ወረቀት ፍለጋ ነው። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት የተወለዱ ብዙ ልጆች በጊዜው የወጣ የልደት ምስክር ወረቀት የላቸውም፤ ሐኪም አጥንት አይቶ የሚሰጠው ግምትም ትክክለኛውን የልደት ቀን አይናገርም። በአንድ ወቅት በያዝኩት ጉዳይ ያወጣን በእናቲቱ ሻንጣ ውስጥ ተጣጥፎ የተገኘ የክርስትና ወረቀት ነበር። ወንድ ልጅ ክርስትና የሚነሣው በ40 ቀኑ ነውና ከወረቀቱ ቀን 40 ወደ ኋላ ስንቆጥር፣ ድርጊቱ ተፈጸመ በተባለበት ዕለት ልጁ 15 ሊሞላው 11 ቀን ይቀረው እንደነበር ታወቀ፤ የክርስትና አባቱም ቀርበው መሰከሩ። የክትባት ካርድም ይጠቅማል፤ ብቻ ቀኑ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ተጽፎ እንደሆነ አስቀድመው ያረጋግጡ።

ሁለተኛው ሥራ ልጁ ለፖሊስ የሰጠውን ቃል ይመለከታል፤ የሕግ ሰዎች ከ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ ወስደን «የ27 ቃል» እንለዋለን። ወላጆች «እውነቱን ተናገርና ትፈታለህ» እያሉ፣ ልጁ ከጓደኞቹ ማን ምን እንዳደረገ እንኳ ሳይለይ ሁሉንም በራሱ ላይ እንዲወስድ ሲገፋፉት በተደጋጋሚ አይቻለሁ፤ በእኔ እምነት ከፖሊስ ጫና የማይተናነስ ጉዳት ያደርሳል።

የወጣቱ ጉዳይ የሚታየው ሕዝብ በሚታደምበት አዳራሽ ሳይሆን በዳኛው ጽሕፈት ቤት በዝግ ነው። ዳኛው ከመወሰናቸው በፊት የልጁን ጠባይ፣ ትምህርትና የኑሮ ሁኔታ ሊያጣሩ ስለሚችሉ፣ ጥሩ ጠበቃ የክፍል ኃላፊውን መምህርና የጎረቤት ሽማግሌን አዘጋጅቶ ይቀርባል። ጥፋተኛ ቢባል እንኳ ከተግሣጽና በቤት ተወስኖ ከመቆየት ጀምሮ ወደ ጠባይ ማረሚያ ተቋም እስከ መላክ የሚደርሱ እርምጃዎች አሉ፤ የጠበቃው ክርክርም በአብዛኛው የሚያርፈው ከነዚህ በየትኛው ላይ ነው።

የገንዘቡን ነገር በተመለከተ፣ ለወጣቱ የሚቀርብለት ወላጅ ወይም አሳዳሪ ከሌለ፣ ወይም ክሱ ከ10 ዓመት በላይ ጽኑ እስራት የሚያስከትል ከሆነ፣ ፍርድ ቤቱ ራሱ ጠበቃ ሊመድብለት ይገባል። በቡድን ሱቅ ሰብሮ መስረቅ ከባድ ስርቆት ተብሎ ሊከሰስ ስለሚችል፣ የክሱ አንቀጽ እንደታወቀ ተከላካይ ጠበቃ እንዲመደብለት ይጠይቁ።

በግልዎ የሚያቆሙ ከሆነ ደግሞ የሙያ ፈቃዱን ማየት ቀላል ነው። ለልጆች ጉዳይ ተብሎ ለብቻ የሚሰጥ ፈቃድ ባለመኖሩ ግን የሚለየው የሥራ ልምዱ ነው። ዐቃቤ ሕግ ወይም ዳኛ ሆኖ የሠራ ሰው የመዝገቡን አካሄድ ያውቃል፤ ሆኖም ማዕረጉን ሰምተው ብቻ አይወስኑ። እኔ ብሆን ስንት የወጣት ጉዳይ እንደያዘ እጠይቀዋለሁ፤ ልጁን ያለ እኔ ለብቻው ሊያነጋግረው መፈለጉንም እመለከታለሁ። እናት ፊት የሚነገረውና ለጠበቃ ብቻ የሚነገረው ብዙ ጊዜ አንድ አይደለምና፣ «እርስዎ ይንገሩኝ፣ ልጁ ይቆይ» የሚልዎት ከሆነ ሌላ ይፈልጉ።